እግርም ቃል ነው

ልጆች ኩኩሉ ሲጫወቱ ዓይኑን ጨፍኖ የቆመው «ኩኩሉ!» ብሎ ይጣራል። ተደባቂዎቹ ገና ጥጋቸውን ካልያዙ «አልነጋም!» ይሉታል፤ ሲደበቁ ደግሞ «ነጋ!» ይሉና ፍለጋው ይጀመራል። የጨዋታው ነገር ሁሉ መሸሸግ ነው። ከበርሜል ኋላ ማድፈጥ፣ አልጋ ሥር መግባት፣ ትንፋሽን ዋጥ ማድረግ ሁሉም የተፈቀደ ነው። ነገር ግን በዚህ በመሸሸግ ላይ በቆመ ጨዋታ ውስጥ እውነት ሆና መገኘት ያለባት አንዲት ቃል አለች። ጥጉን ይዞ እያለ «አልነጋም» እያለ ፈላጊውን ሲያስጨፍን የሚያመሽ ልጅ ብልጥ አይባልም፤ ጨዋታ አፍራሽ ይባላል እንጂ። ልጆች ይህን ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል።

አዋቂዎች ግን ያንኑ ነገር ለማወቅ ሕግ መጻፍ፣ ሕጉን ማረም፣ ያረሙትንም መልሰው መተርጐም ግድ ይሆንባቸዋል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ሆኖ ያገኘሁት ከእኛ ሜዳ ርቆ የሚገኘው ቤዝቦል የተባለው የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። በቤዝቦል ውስጥ «የተደበቀች ኳስ» እየተባለ የሚጠራ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ዘዴ አለ። ሕጉ ዘዴውን አይከለክልም። የሚከለክለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኳሷ በእጁ የሌለች ወርዋሪ በአንዲት ጠባብ ሳንቃ ላይ እንዳይቆም። ማታለልን የፈቀደ ሕግ ስለ ምን የአንድ ሰው እግር የት እንዳረፈ ያስጨንቀዋል? የዛሬው ጽሑፌ ይህን ጥያቄ ይከተላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። በሜዳው ላይ ቤዝ የሚባሉ አራት ማረፊያዎች በካሬ ቅርጽ ተቀምጠዋል፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 27.4 ሜትር ያህል ርቀት አለ። በካሬው መሐል ከአፈር የተሠራ ዝቅተኛ ጉብታ ይገኛል፤ በጉብታው አናት ላይ 61 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ነጭ የጎማ ሳንቃ ተቀብራለች። ወርዋሪው እግሩን ከዚህች ሳንቃ ላይ አሳርፎ ኳሷን 18.44 ሜትር ርቆ ወደቆመው መቺ ይወረውራል። መቺው ኳሷን በዱላው ከመታ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ይሮጣል፤ አራቱንም ዞሮ ከጨረሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ሯጩ ማረፊያውን እስከ ረገጠ ድረስ ደብር እንደ ገባ ተማጻኝ ነው፤ ማንም አይነካውም። ከማረፊያው ለቅቆ ሳለ ኳሷን የያዘ ተከላካይ ከነካው ግን ከጨዋታው ይወጣል።

ሯጩ ታዲያ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ቶሎ ለመድረስ ሲል ወርዋሪው ለመወርወር ሲዘጋጅ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። አደጋውም ትርፉም ያለው በነዚያ ጥቂት እርምጃዎች ውስጥ ነው። መቼ ፈቀቅ ማለት እንዳለበት በምን ያውቃል? ኳሷ ከጓንት ውስጥ ገብታለችና እርሷን አያያትም። የሚያየው ወርዋሪውን ነው። ወርዋሪው ሳንቃዋን ረገጠ ማለት ኳሷ በእርሱ ዘንድ ናት ማለት ነው፤ ስለዚህ ከማረፊያ መልቀቅ ይቻላል። በሁለቱ ባላንጣዎች መካከል ቃል አልተለዋወጠም፤ የእግሩ አረማመድ ግን ተናግሯል።

የተደበቀችው ኳስ ዘዴ የሚፈጸመው በዚህ መሐል ነው። አንድ ግርግር ያለበት ሩጫ ያበቃል፤ አቧራው ይበናል፤ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል። በልማድ ኳሷ ለወርዋሪው ትመለስ ነበር፤ የማረፊያው ጠባቂ ግን በጓንቱ ውስጥ እንደ ያዛት ዝም ይላል። ወርዋሪው የጫማውን ክር ያስራል፤ ጉብታውን ይዞራል፤ ላቡን ይጠርጋል። ሯጩ ተዘናግቶ አንድ እግሩን ከማረፊያው ሲያነሣ ጠባቂው ጠጋ ይልና ጓንቱን ትከሻው ላይ ያሳርፋል። ከዚያም ጓንቱን ከፍቶ ለዳኛው ኳሷን ያሳየዋል። አለቀ። ያን ያህል የደከመበት ሩጫ በአንድ የዝንጋታ እርምጃ ከንቱ ይሆናል።

ዘዴው ይሳካ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፤ ኳሷ ሕያው መሆን አለባት። ዳኛው እጁን አንሥቶ ጨዋታውን ካቆመ ኳሷ «ሞተች» ይባላል። የሞተች ኳስ ደግሞ ነፍስ የምትዘራው ወርዋሪው ኳሷን ይዞ ሳንቃዋ ላይ ቦታውን ሲይዝና ዋናው ዳኛ «ተጫወቱ» ብሎ ሲያውጅ ብቻ ነው። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ያች የጎማ ሳንቃ ኳስ የሚወረወርባት ቦታ ብቻ አይደለችም። ጨዋታው ከሞት የሚነሣው በእርሷ ላይ ነው። ኳስ የያዘ ሰው ካልቆመባት ጊዜ አይቆጠርም፤ ምት የለም፤ ሩጫም የለም።

* * *

ሳንቃዋ እዚህ ክብር ላይ የደረሰችው ቀስ በቀስ ነው። በ1845 ኒከርቦከር የተባለው የኒውዮርክ ክለብ ሃያ የማይበልጡ አንቀጾች የያዘ ሕግ ሲያወጣ፣ ወርዋሪው «ባልክ» የተባለውን ጥፋት ከፈጸመ ሯጩ አንድ ማረፊያ በነጻ እንዲያልፍ ተደንግጎ ነበር። ባልክ ማለት በአጭሩ ወርዋሪው ሊወረውር መስሎ ሳይወረውር መቅረቱ፣ ሯጩንም ባልተገባ መንገድ ማሳሳቱ ነው። ከጥቂቶቹ የመጀመሪያ አንቀጾች አንዱ ስለ ማታለል መሆኑ ያስደንቃል። ጨዋታው ገና ድክ ድክ ሳይል ጠላቱ ማን እንደሆነ አውቆ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ወርዋሪው የሚወረውረው በመሬት ላይ ከተሠመረ መሥመር ጀርባ፣ ቆይቶም በሣጥን ቅርጽ ከተሠመረ ክልል ውስጥ ሆኖ ነበር። በ1893 የውርወራው ርቀት ዛሬ ወዳለበት 18.44 ሜትር ሲራዘም ሣጥኑ ቀረና ሳንቃዋ ተተካች፤ በ1895 ደግሞ ዛሬ ያላትን ስፋት አገኘች። የጉብታው ከፍታ እንኳ በ1969 ከ38 ሴንቲ ሜትር ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ሲል የሳንቃዋ ልክ አልተነካም። ለወርዋሪው ሰፊ ክልል ተሰጥቶት በነበረበት ዘመን የት ቆሞ ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግር ነበር። አንዲት ጠባብ ሳንቃ ስትሰጠው ግን አቋሙ ራሱ ንግግር ሆነ።

ዛሬ በታላላቆቹ ሊጎች የሚሠራበት ሕግ በአንቀጽ 6.02 (ሀ) (9) ላይ ነገሩን ያጠቃልለዋል። በማረፊያዎቹ ላይ ሯጭ እያለ ወርዋሪው ኳስ ሳይዝ ሳንቃዋን ከረገጠ፣ ወይም ሳንቃዋን በሁለት እግሮቹ መካከል አድርጎ ከቆመ፣ አሊያም ከሳንቃዋ ወርዶም ቢሆን እንደሚወረውር ካስመሰለ ባልክ ነው። ቅጣቱም የታወቀ ነው፤ ኳሷ ትሞታለች፤ ሯጮቹ ሁሉ አንድ አንድ ማረፊያ ወደፊት ይሄዳሉ። በሦስተኛው ማረፊያ ላይ የነበረ ሯጭ ካለ እንዲያውም ነጥብ ያስቆጥራል። ሊያጠምዱት የነበረው ሰው በጠመዱለት ወጥመድ ያተርፋል።

ከአንቀጹ ይበልጥ የሚያስደንቀው ማብራሪያው ነው። በሌሎች የባልክ ዓይነቶች ላይ ዳኛው ከተጠራጠረ የወርዋሪውን ሐሳብ እንዲመረምር ተመክሯል፤ ሊያታልል አስቦ ነው ወይስ እግሩ ተንሸራቶበት? ኳስ ሳይዝ ሳንቃዋን አንፈራጦ መቆም ግን ምርመራ አያስፈልገውም፤ ድርጊቱ ራሱ የማታለል ሐሳብ ሆኖ ይቆጠራል። ልቡን ማየት አያሻም፤ እግሩ መስክሯል። ብዙ የሕግ መጻሕፍት የሰውን ልብ ለመመርመር ሲዳክሩ ይህ የጨዋታ ሕግ ግን ልብን ለባለቤቱ ትቶ እግርን ብቻ ይጠይቃል።

ወርዋሪው እንግዲህ በዘዴው ውስጥ ያለው ድርሻ እንግዳ ነው። ተባባሪ መሆን ይችላል፤ መመስከር ግን አይችልም። በጉብታው ዳርቻ ሲንጐራደድ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቆም፣ ሰማዩን ሲያይ ማንም አይነካውም። ሯጩ ይህን አይቶ «ኳሷ በእርሱ ዘንድ ናት» ብሎ ቢገምት ግምቱ የራሱ ነው። ወርዋሪው ሳንቃዋን የረገጠ ዕለት ግን ግምት ሳይሆን ማረጋገጫ ሰጠ።

ድንበሩ ከየት እንደሚጀምር ግን ሁሉም አልተስማሙበትም። በታላላቆቹ ሊጎች የተከለከለችው ሳንቃዋ ብቻ ናት። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕግ ወርዋሪው ኳስ ሳይዝ ከሳንቃዋ 1.5 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ መገኘት የለበትም። በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ደግሞ ክልከላው ይሰፋና 5.5 ሜትር ያህል ወርድ ያለውን የጉብታውን አፈር በሙሉ ይሸፍናል፤ ዘዴውን የሚሞክር ቡድን ወርዋሪውን ሣሩ ላይ ማቆየት አለበት። ለእኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው፤ ጨዋታው ለትምህርት በሆነበት ስፍራ የእውነት አጥር ሰፋ፤ ለእንጀራ በሆነበት ስፍራ ጠበበ። ደመወዝተኛው ዓይኑን ከፍቶ ራሱን ይጠብቅ ዘንድ ተትቷል። የአጥሩ ስፋት ይለያያል እንጂ አጥር የሌለበት ግን የለም።

* * *

ሕጉን ሥጋ የሚያለብሱት ድርጊቶቹ ናቸው። ቢል ዲን የተባለ የቤዝቦል ታሪክ ተመራማሪ በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ በታላላቆቹ ሊጎች የተፈጸሙ ከ200 የሚበልጡ የተደበቀች ኳስ ድርጊቶችን መዝግቧል። በየዓመቱ ከሚደረገው የጨዋታ ብዛት አንጻር ይህ እፍኝ አይሞላም። በዓለም ዋንጫ ስም በሚጠራው የሊጎቹ ፍጻሜ ውድድር ላይማ የተሳካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በጥቅምት 1907 በሁለተኛው ጨዋታ የዲትሮይት ታይገርስ የሦስተኛ ማረፊያ ጠባቂ ቢል ኮግሊን የቺካጎ ከብሱን ጂሚ ስሌግልን በተደበቀች ኳስ ከጨዋታ አስወጣው። ይሁን እንጂ ዲትሮይት ያንን ጨዋታ 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ በመላው ውድድርም አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ዋንጫው ወደ ቺካጎ ሄደ። ዘዴ አንድ ሰው ያስወጣል፤ ዋንጫ ግን አያመጣም።

በሰኔ 1994 የሆነው ደግሞ ልብን ይቆረቁራል። የሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ ጠባቂ ማት ዊሊያምስ ኳሷን በጓንቱ ሸሽጎ፣ በሦስተኛው ማረፊያ ላይ የቆመውን የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱን ጀማሪ ተጫዋች ራፋኤል ቡርኒጋልን ማረፊያውን ላጽዳው ፈቀቅ በልልኝ አለው። ቡርኒጋልም ሰው ሲያከብር እንዳደገ ልጅ ፈቀቅ አለ። ወዲያው ተነካና ወጣ። ሕጉ ይህን አይከለክልም፤ ወርዋሪው ሳንቃዋን አልረገጠምና። እዚህ ላይ ከሕጉ ጋር ብዙ ተሟግቻለሁ። አንደበት የዋሸውን ሕጉ በዝምታ አልፎ እግር የዋሸውን መቅጣቱ ፍትሕ ነውን? በገና ጨዋታ ጌታም እንደማይቆጣ የሚነግረን ብሂላችን ዊሊያምስን ነጻ ሊያወጣው ይችል ይሆናል፤ ለእኔ ግን የቡርኒጋል ትሕትና የተከፈለበት ዋጋ አሁንም ይከብደኛል።

ሆኖም ቆም ብዬ ሳስበው ልዩነቱ ይገባኛል። የባላንጣን ንግግር ማመን የሯጩ ፈንታ ነው፤ «አላምንህም» ብሎ ማረፊያውን እንደ ረገጠ ሊቆም ይችል ነበር። የሳንቃዋን ምልክት ግን አለማመን አይችልም። ያንን ካላመነ መቼም ከማረፊያው ሊለቅ አይችልም፤ ማንም ካልለቀቀ ደግሞ ጨዋታው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ሕጉ ሰውን ከተንኮል ሁሉ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሁለቱም ወገኖች ሳያምኑት መጫወት የማይችሉትን አንድ ምልክት ነው።

በነሐሴ 2005 የፍሎሪዳ ማርሊንሱ ማይክ ሎዌል የአሪዞናውን ሉዊስ ቴሬሮን በሦስተኛው ማረፊያ ላይ ያወጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሎዌል ዘዴውን ባለፈው ዓመትም ፈጽሞት ነበር። በመስከረም 2013 ደግሞ የኮሎራዶ ሮኪሱ ቶድ ሄልተን በ40 ዓመቱ፣ ከሜዳ ሊሰናበት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የሴንት ሉዊሱን ማት ካርፔንተርን በአንደኛው ማረፊያ ላይ አታለለው። በእነዚህ ሁሉ ትዕይንቶች ካሜራው የሚከተለው ጠባቂውንና ሯጩን ነው። እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ወደ ወርዋሪው ነው። ሜዳው ሁሉ እርሱን እያየ እርሱ ግን አንዲት እርምጃ ሳይራመድ መቆየት አለበት። አንድ ጫማ ቢያሳርፍ ሁሉም ይበላሻል።

የሳንቃዋን ምሥጢር በተገላቢጦሽ ያሳየው የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። በ1982 በዩኒቨርሲቲዎች የፍጻሜ ውድድር ላይ ማያሚ ከዊቺታ ስቴት ጋር ሲጫወት፣ በዚያ ዓመት ከ80 ጊዜ በላይ ማረፊያ ሰርቆ የነበረው ፊል ስቲቨንሰን በአንደኛው ማረፊያ ላይ ቆሞ ነበር። የማያሚው ወርዋሪ መጀመሪያ ከሳንቃዋ ወረደ፤ ከዚያም ወደ አንደኛው ማረፊያ የወረወረ አስመሰለ። ጠባቂው ያመለጠችውን ኳስ ለመያዝ እንደተወረወረ ሁሉ መሬት ላይ ወደቀ፤ ሌሎቹ ኳሷን ፍለጋ ሮጡ፤ ከሜዳው ጠርዝ የተቀመጡትም «ያቻትና!» እያሉ ጠቆሙ። ስቲቨንሰን ወደ ሁለተኛው ማረፊያ ገሠገሠ። ኳሷ ግን ከወርዋሪው ጓንት አልወጣችም ነበር፤ ተይዞ ወጣ። ማያሚም የዚያን ዓመት ዋንጫ ወሰደ። በትዕይንቱ ውስጥ ከሁሉ የምትበልጠው ቅንጣት ያች የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት። እግሩ ሳንቃዋ ላይ ሳለ ያንኑ ቢያስመስል ባልክ በሆነ ነበር። ሊያታልል የተነሣው ሰው መጀመሪያ ቃል ከሚሰጥበት ቦታ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያታለለው።

ድንበሩን ጨርሶ የዘለለም አለ። በነሐሴ 1987 በአነስተኛው ሊግ የዊልያምስፖርት ቡድን ተቀባይ የነበረው ዴቭ ብሬስናሃን ድንች ልጦ በኳስ ቅርጽ አዘጋጀና በጓንቱ ደበቀ። በሦስተኛው ማረፊያ ላይ ሯጭ ሲኖር ድንቹን ከጠባቂው በላይ አሳልፎ ወረወረው። ሯጩ ኳሷ ያመለጠች መስሎት ወደ ነጥቡ ማረፊያ ሲሮጥ ብሬስናሃን እውነተኛዋን ኳስ ይዞ ጠበቀው። ዳኛው ግን ነጥቡን ለሯጩ ሰጠ፤ ክለቡም ብሬስናሃንን ቀጥቶ አሰናበተው። አገሬው ሳቀ፤ በማግስቱ ዓመትም የዊልያምስፖርት ክለብ የማሊያውን ቁጥር 59ን በክብር ሰቀለለት። ይህ ሁሉ ሳቅ ግን የዳኛውን ፍርድ አልሻረውም። እውነተኛዋን ኳስ መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ ሐሰተኛ ኳስ መፍጠር ሌላ ነው።

* * *

እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ነገሩን ከመስኮቴ ጀርባ ሆኜ ሳየው ይበልጥ ይገለጥልኛል። በገበያ ላይ ሻጭ የገዛበትን ዋጋ አይናገርም፤ ገዢም በኪሱ ያለውን ገንዘብ ይደብቃል፤ ስለዚህ ማንም አይከሰስም። ግን በደረሰኝ ላይ ማኅተም ያረፈ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። ማኅተም «ገንዘቡ ተቆጥሮ ገብቷል» የሚል ቃል ነው። ገንዘብ ሳይቀበል ማኅተም የሚመታ እጅ ዝም ቢልም ዋሽቷል። ደንበኛው እየተጠራጠረ ቢውል ኖሮ መስኮቱ አይከፈትም ነበር። ገበያውን የሚያቆመው የሁሉም ሰው ቅንነት አይደለም፤ ማኅተሙ አለመዋሸቱ ነው።

የቤዝቦል ሕግ ጸሐፊዎች ያስተዋሉት ይህን ይመስለኛል። ሰውን ሁሉ እውነተኛ እናድርግ ብለው አልተነሡም፤ ቢነሡም አይሆንላቸውም ነበር። በሰፊው ሜዳ ላይ ለተንኮልም ለዝምታም ቦታ ለቀቁ፤ 61 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነችዋን አንዲት ስፍራ ግን ለእውነት ለዩ። ትንሽ ናት፤ በእርሷ ላይ ግን ጨዋታው ሁሉ ቆሟል።

ለዕለቱ ይህችን ስንኝ አክዬ እሰናበታለሁ።

ኳሷን የሸሸገ ዘዴኛ ይባላል፣
የተዘናጋውም አዝኖ ይመለሳል፤
እጁ ባዶ ሆኖ ሳንቃ ላይ የወጣው
አንደበቱ ዝም ቢል እግሩ አጋለጠው።